የመብራት ቢላችሁን አንብባችሁት ታውቃላችሁ?

ቢሉ መጣ። ዓይናችሁ ቀጥታ የሚሄደው ታች ወዳለው ድምር ነው። «እንዴ! ይሄን ያህል?» ትላላችሁ። ትንሽ ትነጫነጫላችሁ፣ ቴሌብር ትከፍታላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ከድምሩ በላይ የተጻፉትን መስመሮች ማን ያነባል? ቀፊራ ገበያ ገብተን አንድ ኪሎ ቲማቲም ስንገዛ ሚዛኑ ላይ እናፈጣለን፤ ሻጩ ጣቱን ካሳረፈበት እንጮኻለን። የመብራት ቢል ላይ ስንደርስ ግን ሚዛኑም ቁጥሩም የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስለናል።

ለመኖሪያ ቤት ከሆነ እሺ፣ ይሁን። ለዳቦ ቤት፣ ለወፍጮ ቤት፣ ለሆቴል፣ ለብየዳ ቤት ግን ይህ ልማድ ትርፍ ይበላል። ትርፍ ሲበላ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀነሰው ባለቤቱ ሳይሆን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የነጋዴ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራው ወንድማችሁና እዚያ ቤት ዳቦ የምትገዛው እናታችሁም አሉበት።

የዛሬው ነገሬ አንድ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ውጪ ያለው ነጋዴ፣ ለመብራት የሚከፍለውን የሚያነብለትና የሚለካለት ባለሙያ ያስፈልገዋል። ያ ባለሙያ ደግሞ አሁን ሲቪውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚዞረው የሰፈራችን ልጅ ሊሆን ይችላል።

ከሐርላ እንጀምር

ከድሬዳዋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐርላ አለች። ብዙዎቻችን ስሟን የምናውቀው ከአያቶቻችን ወሬ ነው። ድንጋዩ ትልልቅ ስለሆነ «እዚህ የኖሩት ግዙፍ ሰዎች ናቸው» ይባል ነበር። በእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራ የቁፋሮ ቡድን በሰኔ 2009 ዓ.ም. ግኝቱን ይፋ ሲያደርግ ግን ሌላ ታሪክ ወጣ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ድንጋዮች፣ የብርጭቆ ዶቃ፣ ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ማዶ የመጡ ዕቃዎች፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብጽ ሳንቲሞች፣ እንዲሁም ጌጣጌጥ ይሠራባቸው የነበሩ ቤቶች ተገኙ። በመቃብሩ የተገኘው አጥንት ሲታይም የሰዎቹ ቁመት እንደ እኛው ተራ ነው። ግዙፍ አልነበሩም። ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ነበሩ።

ይህን ያነሣሁት ለጉራ አይደለም። በእሳት የሚሠራ ሰው ከጥሬ ዕቃው ቀጥሎ የሚያስበው ማገዶውን ነው። አንድ ጌጥ ስንት ከሰል እንደሚበላ የማያውቅ አንጥረኛ ሠርቶ ሠርቶ ባዶ እጁን ይቀራል። የዛሬው የድሬ ነጋዴ ማገዶ በሽቦ ይመጣል፤ አይታይም፣ አይከመርም፣ አይሸትም። የማይታይ ስለሆነ ማንም አይቆጥረውም። ቆጣሪው ብቻ ይቆጥራል።

ዋጋው የት ደረሰ?

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ከቆየ በኋላ በ2011 ዓ.ም. መጨመር ጀመረ፤ ጭማሪው በየዓመቱ እየተከፈለ አራት ዓመት ሄደ። ቀጥሎ መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ ተጀመረ። የአሁኑ ልዩነቱ ጭማሪው በየሦስት ወሩ መሆኑ ነው። ማለትም ነጋዴው ባለፈው ዓመት የሠራው ሒሳብ ለዘንድሮ አይሠራም፤ የጥቅምቱም ለጥር አይሠራም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ እናንተም ኮሜንት ላይ እንደምትጽፉት አውቃለሁ። «ግድቡ አልቆ የለ እንዴ? ታዲያ ለምን ይጨምራል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ሙሉ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ሕዝቡ ከኪሱ አዋጥቶ የሠራው ነው፤ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ነገር ግን ከጉባ እስከ ሳቢያን ያለው መንገድ ግድብ ብቻ አይደለም። ማስተላለፊያ መስመር አለ፣ ማከፋፈያ ጣቢያ አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ቆጣሪ አለ። ከእነዚህ ብዙው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ትራንስፎርመር ዋጋ በብር ሲሰላ የት እንደደረሰ መገመት አያቅትም።

ይህን ስል ጭማሪው ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም ለማለት አይደለም፤ በዚያ ላይ ሌላ ቀን እንከራከራለን። ለጊዜው ግን ነጋዴው ታሪፉን መቀየር አይችልም። በእጁ ያለው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚጠቀም፣ መቼ እንደሚጠቀምና ስንቱ በከንቱ እንደሚሄድ ማወቅ ነው። የኤሌክትሪክ አማካሪ ሥራም እዚህ ላይ ይጀምራል።

አማካሪው መጥቶ ምን ያደርጋል?

«አማካሪ» ሲባል ብዙ ሰው ክራቫት አድርጎ ፓወር ፖይንት የሚያሳይ ሰው ይታየዋል። ጥሩ የኤሌክትሪክ አማካሪ እንደዚያ አይደለም። እጁ አቧራ የነካው፣ የቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ጭንቅላቱን የሚከት፣ ሌሊት መጥቶ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሥራው «የኢነርጂ ኦዲት» ይባላል።

እስቲ ሳቢያን አካባቢ ያለ አንድ ዳቦ ቤት በሐሳባችን እናቋቁም። የኤሌክትሪክ ምድጃ አለው፣ ሊጥ ማቡኪያ አለው፣ ሁለት ማቀዝቀዣ አለው፣ አምፖሎች አሉት።

መጀመሪያ አማካሪው የአንድ ዓመት ቢል ይጠይቃል። የሚያየው የታሪፍ ምድቡን ነው። መኖሪያ ቤት፣ ጠቅላላ ወይም ንግድ፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ኢንዱስትሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እየተባለ ዋጋው ይለያያል። ለምሳሌ በ2011 የተጀመረው ማስተካከያ መጨረሻ ላይ ሲደርስ የጠቅላላ ምድብ ዋጋ በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ12 ሳንቲም ገደማ፣ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ኢንዱስትሪው ደግሞ 1 ብር ከ53 ሳንቲም ገደማ ነበር። በወር 5,000 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ያ ልዩነት ብቻ ወደ 3,000 ብር ይጠጋል። ቁጥሮቹ ዛሬ ተቀይረዋል፤ ምድብ መኖሩ ግን አልተቀየረም። አንድ አምራች ድርጅት በየትኛው ምድብ እንደተመዘገበ ማረጋገጥ አንድ ማመልከቻና አንድ ቀን ይፈጃል። ልብ በሉ፣ የኢንዱስትሪ ምድብ የራሱ ተጨማሪ ክፍያ ስላለው ለሁሉም ይረክሳል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሁለቱንም አስልቶ የሚያወዳድር ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ይለካል። ሽቦውን ሳይቆርጥ በመቆንጠጥ የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ከዚያ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል እየመዘገበ የሚቆይ መሣሪያ ይተክላል። ሳምንቱ ሲያልቅ ዳቦ ቤቱ በየሰዓቱ ስንት እንደበላ በግራፍ ይወጣል። እንበል ጋጋሪው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ምድጃውን ያበራል፤ ሊጡ የሚገባው 11 ሰዓት ላይ ነው። ምድጃው ለመጋል የሚያስፈልገው ግን አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንስ? ሌላው አንድ ሰዓት ባዶ ምድጃ ሲግል ማለት ነው። የምድጃው አቅም 20 ኪሎዋት ቢሆንና ቴርሞስታቱ እያጠፋ እያበራ ግማሹን ብቻ ቢወስድ፣ በቀን 10፣ በወር 300 ኪሎዋት ሰዓት ለማንም ሳይጠቅም ሄደ። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ጋጋሪው አንድ ሰዓት ይተኛ፤ በቃ።

ሦስተኛ ሁሉም ዕቃ በአንድ ጊዜ መነሣቱን ያያል። የኢንዱስትሪ ደንበኛ የሚከፍለው ለተጠቀመው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በወሩ ውስጥ ለደረሰበት ከፍተኛ ጭነትም ነው። ነገሩ ድግስ ማለት ነው። ድንኳን የምትከራዩት እንግዳ በብዛት ለሚመጣበት ሰዓት ነው፤ ቀሪውን ቀን ባዶ ቢውልም ኪራዩ አይቀንስም። ማቡኪያውን፣ ምድጃውንና የውኃ ፓምፑን በየተራ ማስነሣት ድንኳኑን ያሳንሰዋል። ይህም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የሰዓት ድልድል እንጂ አዲስ ማሽን አይደለም።

አራተኛ «ፓወር ፋክተር» የሚባለውን ይፈትሻል። ቃሉ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ሞተር ወይም ትራንስፎርመር ያለበት ዕቃ ሁሉ፣ ወፍጮም ሆነ ብየዳ፣ ሥራ የሚሠራበትን ኃይል ብቻ አይወስድም፤ ወዲያ ወዲህ የሚመላለስ፣ ሥራ የማይሠራ ኃይልም ይጎትታል። መጋላ ውስጥ ባዶውን የሚዞር ባጃጅ አስቡ። ተሳፋሪ አያደርስም፤ መንገዱን ግን ያጨናንቃል። ባዶ ባጃጅ ሲበዛ ሽቦው ይግላል፣ ትራንስፎርመሩ ይጨናነቃል፤ በብዙ አገር ታሪፍም ለትልልቅ ደንበኞች ቅጣት ያመጣል። መድኃኒቱ ካፓሲተር የሚባል ዕቃ ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ ሆኖ ባዶ ባጃጆቹን እዚያው ሰፈር ውስጥ ያስቀራቸዋል። ግን መጠኑ ካልተለካ እሱም ሌላ ጉዳት ያመጣልና እንደ አምፖል ገዝቶ መሰካት አይቻልም።

አምስተኛ ዓይን የለመደውን ያያል። ድሬ ሞቃት ከተማ ናት። ማቀዝቀዣ ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ አቧራ ሞልቶት፣ የበሩ ጎማ ተቀዶ ቆሟል። ያ ማቀዝቀዣ ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ ይሠራል። በረንዳ ላይ 10 ባለ 60 ዋት አምፖሎች ሌሊቱን 10 ሰዓት ይበራሉ። በባለ 9 ዋት ኤልኢዲ ቢቀየሩ በወር 153 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። እንጀራ የሚጋግሩ ቤቶች ደግሞ ይህን ይስሙ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ሁለት እንጀራ ጋግሮ ማጥፋትና ከሰዓት እንደገና ማሞቅ አንድ ላይ ከመጋገር በጣም ይበልጣል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ አገሩ ሁሉ በፈረቃ መብራት በሚቸገርበት ዘመን፣ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አሮጌውን አምፖል ተቀብሎ ቆጣቢ አምፖል ሲሰጥ ቤተሰቦቻችሁ ያስታውሳሉ። ያኔ የገባን ነገር ነበር፤ ያልባከነ ኃይል እንደ አዲስ ኃይል ይቆጠራል።

ከአማካሪ ጋር አብረው የሚመጡት

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ስም የሚነግዱ አሉ። አንደኛው ስልካችሁ ላይ በየቀኑ ታዩታላችሁ። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ሳጥን፣ «ቢልዎን በግማሽ ይቀንሳል» የሚል ማስታወቂያ፣ ዴሊቨሪ ነፃ። አትግዙት። ሳጥኑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ያለው ትንሽ ካፓሲተር ነው። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ የሚያስከፍለው በኪሎዋት ሰዓት እንጂ በባዶ ባጃጁ አይደለም፤ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህን አስረድቷል፤ ቤት ውስጥ ፓወር ፋክተር ማስተካከል የመብራት ሒሳብ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

ሁለተኛው «ቆጣሪውን እኔ አስተካክልልሃለሁ» የሚለው ነው። ይሄ ምክር አይደለም፤ ሌብነት ነው። ከሌብነቱ በላይ አደጋ ነው። ያለ ልክ የተጎተተ ሽቦ ሱቅ ያቃጥላል፤ የተሰረቀውም ኃይል ዋጋ ዞሮ ዞሮ በሐቀኛው ጎረቤት ታሪፍ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው ትንሽ ይለያል፤ ሐቀኛም ሊሆን ይችላል። ሶላር የሚሸጠው ሰው ነው። የድሬ ፀሐይ ሀብት መሆኗን ማንም አይክድም። ግን ሻጩ አማካሪም ልሁን ካለ ምክሩ ሁልጊዜ «ብዙ ፓነል ግዛ» ነው የሚሆነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም። መጀመሪያ ለካ፣ ቀጥሎ ብክነቱን ዝጋ፣ ከዚያ በኋላ የቀረውን ጭነት ዓይተህ ፓነል ግዛ። የሚያፈስ በርሜል ለመሙላት ትልቅ ፓምፕ አይገዛም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዚህ ነው።

«መብራቱ ራሱ ይጠፋል እኮ!»

አዎ፣ ይሄን ተቃውሞ ሰምቻለሁ፤ ትክክልም ነው። «መብራት በሚጠፋበትና ቮልቴጅ በሚወርድበት ከተማ ስለ ቁጠባ ታወራለህ?» የሚለኝ ብየዳ የሚሠራ ልጅ እውነቱን ነው። የኃይል አቅራቢው ግዴታ በነጋዴው ላይ አይወርድም። ድሬ ደግሞ ኃይል በደጇ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባለ 230 ኪሎቮልት መስመር የሚነሣው ከዚሁ ነው፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ በዚሁ ያልፋል። ጎረቤት አገር የሚደርስ መብራት የቀበሌያችን ወፍጮ ቤት ላይ ሲደርስ ለምን ይደክማል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነገር ግን ለዚህም ልኬት ያስፈልጋል። «መብራት ያስቸግረናል» የሚል አቤቱታና «ከሰኞ እስከ እሑድ ቮልቴጁ 11 ጊዜ ወርዷል፤ ሰዓቱና መጠኑ ይኸው» የሚል አቤቱታ እኩል አይደሉም። ሁለተኛውን ይዞ የሄደ ነጋዴ መልስ ይገባዋል። ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተር ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ ከረንት ይጎትታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የሞተር መጠምጠሚያ ወጪ በመብራት ቢል ላይ አይጻፍም፤ ግን የመብራት ወጪ ነው። ጄኔሬተሩም እንዲሁ። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለማመንጨት አንድ ሦስተኛ ሊትር ያህል ናፍጣ ይሄዳል፤ ትንንሾቹ ጄኔሬተሮች ከዚያም ይበልጣሉ። የዛሬውን የናፍጣ ዋጋ በሦስት አካፍሉትና ቢላችሁ ላይ ካለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ጋር አስተያዩት። መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ዕቃ በጄኔሬተር ከማስነሣት፣ የግድ መሥራት ያለበትን ብቻ መለየት ምን ያህል እንደሚያድን ያን ጊዜ ይታያችኋል። ይህንንም ዝርዝር የሚያወጣው አማካሪው ነው።

ታዲያ ለምን የለንም?

ትልልቆቹ አላቸው። ድሬዳዋ ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሚንቶ የምታመርት ከተማ ናት። ሲሚንቶ ሲፈጭ ኤሌክትሪክ በጣም ስለሚበላ እንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች የራሳቸውን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ቀጥረው ያሠራሉ። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራው የተበሠረው ነፃ የንግድ ቀጣና የሚያስገባቸው ድርጅቶችም አቅም አላቸው። የተረሳው መሐል ላይ ያለው ነው። በወር አሥር ወይም ሃያ ሺህ ብር ለመብራት የሚከፍል፣ መሐንዲስ መቅጠር የማይችል፣ ግን ኪሳራው የሚሰማው ነጋዴ። ከታይዋን ገበያ ዙሪያ እስከ ከዚራ ሆቴሎች ያለው አብዛኛው ቤት ይሄ ነው።

ይህ ነጋዴ ለምክር ገንዘብ መክፈል አለመደም። «ምክር በነፃ ነው እንጂ» ይላል፤ አቦ፣ እውነቱን ነው፤ ጫት ቤት በነፃ የሚገኝ ምክር ሞልቷል። ስለዚህ ክፍያው ከተረፈው ላይ ይሁን። በሌላው ዓለም የተለመደ ውል ነው። አማካሪው በፊት ያለውን ይለካል፣ ያስተካክላል፣ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ከቀነሰው ወጪ ላይ ለተወሰነ ጊዜ ድርሻውን ይወስዳል። ካልቀነሰ አይከፈለውም። አንድ ነገር ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ታሪፍ በየሦስት ወሩ በሚቀየርበት አገር ውሉ መጻፍ ያለበት በብር ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት ነው። ካልሆነ ፍጆታው ቀንሶ ቢሉ ጨምሮ ሁለቱ ሲጣሉ ይኖራሉ።

ባለሙያውስ? እዚሁ አለ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶችን ያስመርቃል። አሜሪካኖች በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመሩት መንገድ አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ወደ ትንንሽና መካከለኛ ፋብሪካዎች ሄደው በነፃ ይለካሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ፤ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል። ፋብሪካው ምክር ያገኛል፣ ተማሪው ሙያ ያገኛል። ሕንድ ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኢነርጂ ቁጠባ ሕግ ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ድርጅቶች ዕውቅና ባለው ኦዲተር እንዲፈተሹ መንገድ ከፍታለች፤ በዚያ ምክንያት ኦዲተርነት ፈተና የሚወሰድበት ሙያ ሆኗል።

እኛም ሕግ አልጎደለንም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ቁጠባን ጉዳይ ይዟል፤ ሥልጣኑም ዛሬ በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። የጎደለው ከአዋጁ እስከ ዳቦ ቤቱ ያለው መንገድ ነው።

ማን ምን ያድርግ?

ዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ሲሰጥ ከኢንተርኔት የተቀዳ ሞዴል ትቶ ተማሪዎቹን ወደ ወፍጮ ቤት ይላካቸው። አምስት የመለኪያ መሣሪያ ገዝቶ እንደ መጽሐፍ ማዋስ ለአንድ ተቋም ከባድ አይደለም። የከተማው አስተዳደር ለወጣቶች ሥራ ፈጠራ ብድር ሲያዘጋጅ ከባጃጅና ከጀበና ቡና ጎን ይህንንም ያስገባው፤ ሦስት መሐንዲስና አንድ ኤሌክትሪሺያን ተደራጅተው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው። የንግድ ምክር ቤቱ አባላቱን ሰብስቦ አሥር ቤቶችን በሙከራ ያስለካ፤ ውጤቱንም በይፋ ይናገር።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ከሁሉም የሚቀለው ሥራ አለበት። ቢሉን ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፈው። «ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ይህን ያህል ተጠቅመሃል፤ ዘንድሮ ይህን ያህል፤ ምድብህ ይህ ነው፤ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይህ ነው» የሚል አራት መስመር በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ ቢወጣ ድሬ ውስጥ የማይገባው ሰው አይኖርም። ዋጋ በየሦስት ወሩ የሚጨምር ተቋም ቢያንስ ማብራሪያውን አብሮ የመስጠት ዕዳ አለበት።

እናንተስ? ከስልካችሁ ጀምሩ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም አሠሪያችሁ ሱቅ ካለው፣ ዛሬ ማታ ሲዘጋ የቆጣሪውን ቁጥር ፎቶ አንሡት። ጠዋት ከመከፈቱ በፊት እንደገና አንሡት። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ። ካርድ ቆጣሪ ከሆነም የቀረውን መጠን በዚያው መንገድ አወዳድሩ። የሚወጣው ቁጥር ማንም ሰው በሌለበት፣ በሩ ተቆልፎ፣ ሌሊቱን የተበላው ነው። ሰባት ቀን አድርጉትና በወረቀት ጻፉት።

ከማቀዝቀዣው ድርሻ በላይ ከሆነ ሌላ የሚበላ አለ ማለት ነው። ያልጠፋ አምፖል፣ የሚያፈስ ቧንቧ ተከትሎ ራሱን የሚያስነሣ ፓምፕ፣ የተላጠ ሽቦ፣ ወይም ከእናንተ መስመር የቀጠለ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ መሐንዲሱን የምትጠሩት ያኔ ነው፤ የሰባት ቀኑን ወረቀት ይዛችሁ ጥሩት። እሱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንኑ ነው።